ለልጆች የተጻፈ፣ ለእናቶች የተረፈ

ከትምህርት ቤት ከወጡ፣ ትዳር ከያዙና ልጅ ከወለዱ በኋላ ልብ ወለድ መጽሐፍ አንስቶ ማንበብ ለብዙ እህቶቻችን እንደ ቅንጦት የሚቆጠር ነገር ነው። ጊዜው ከየት ይመጣል? ጠዋት ቁርስ አለ፤ ቀን ሥራ አለ፤ ማታ እንጀራው፣ ወጡ፣ የልጆቹ ደብተር አለ። መጽሐፉ ደግሞ «የልጆች» የሚል ስም ከተሰጠው፣ ያውም ስለ አስማት የሚያወራ ከሆነ፣ እናት የምትገልጠው ለማንበብ ሳይሆን ለመከልከል ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው መጽሐፍ ሁለቱም ስሞች ያሉበት ነው። ለልጆች የተጻፈ ነው፤ የሚተርከውም ስለ አንድ ወጣት አስማተኛ ነው። ሆኖም ዕድሜዋ ለገፋ አንባቢ ያስቀመጠው ቁም ነገር ለልጆች ካስቀመጠው አያንስም።

«ልጅሽ የጥንቆላ መጽሐፍ እያነበበች ዝም ትያለሽ እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ የሰማሁት ደብረ ብርሃን ከተማ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ነው። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ተውሳ አምጥታ፣ ውርጩ በሚበረታበት በታኅሣሥ ወር ብርድ ልብስ ተከናንባ ስታነበው ጎረቤቶች አይተዋታል። የጠየቁኝ በክፋት አልነበረም፤ የጎረቤት ልጅ የራስ ልጅ ነው ብለው እንጂ። በእኔ በኩል ግን ያላየሁትን መጽሐፍ «አንብቢ» ወይም «አታንብቢ» ማለት አልፈለግሁም። ስለዚህ ልጄ ስትጨርሰው ተቀብዬ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ አነበብኩት።

ሥጋቱ ለደብረ ብርሃን ሰው እንግዳ አይደለም። ከተማዋን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡበት ዘመን፣ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን አጥብቀው ያሳደዱ ንጉሥ ነበሩ። በስማቸው የሚታወቀው «መጽሐፈ ብርሃን» ይህንኑ ያወግዛል። ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ በሰውነቱ ላይ እንዲያደርግ ማዘዛቸውን፣ በዚህ ክስ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር በጽኑ መቅጣታቸውን ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው ከተማ የምትኖር እናት ስለ አስማት ሲወራ ብትጠራጠር አያስነቅፋትም። ነገር ግን ከመጠርጠር ቀጥሎ መመርመር ይመጣል። መጽሐፉ በእርግጥ ምን ይላል?

የመጽሐፉን ርዕስ በአማርኛ «የምድረ ባሕር ጠቢብ» ልንለው እንችላለን። ደራሲዋ ወይዘሮ ኡርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ2018 በኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከተማ አርፈዋል። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር የሕዝቦችን ባህልና ልማድ በማጥናት ስመ ጥር የሆኑ ምሁር ነበሩ። ወይዘሮ ኡርሱላ የሦስት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ትንንሽ በነበሩበት ዘመን የሚጽፉት ልጆቹን ካስተኙ በኋላ ነበር። የታሪክ መምህር የነበሩት ባለቤታቸው የቤቱን ኃላፊነት ይጋሯቸው እንደነበር ደራሲዋ ደጋግመው ተናግረዋል። ለዚህ ዓምድ አንባቢያን ይህ ብቻውን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አንድ አሳታሚ ለወጣቶች የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፉ ሲጠይቃቸው፣ ወይዘሮ ኡርሱላ አንድ ቀላል ጥያቄ መጣላቸው። በተረት ውስጥ የምናውቀው አስማተኛ ሁልጊዜ ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ነው። ታዲያ ይህ ሽማግሌ ልጅ ሳለ ምን ይመስል ነበር? ጥበቡንስ ከማን ተማረ? ከዚህ ጥያቄ የአስማት ትምህርት ቤት ተወለደ። ዛሬ ልጆቻችን በፊልም ጭምር የሚያውቁት የሃሪ ፖተር ታሪክ የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 በመሆኑ፣ የወይዘሮ ኡርሱላ ትምህርት ቤት በሃያ ዘጠኝ ዓመት ይቀድመዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ምድረ ባሕር ብዙ ደሴቶች ያሉበት ምናባዊ ዓለም ነው። ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት፣ በአንዲት ትንሽ መንደር፣ አንድ ልጅ ተወለደ። ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። አባቱ ቀጥቃጭ ነው፤ የዝምታና የቁጣ ሰው። ልጁ ፍየል እየጠበቀ ሲያድግ፣ የመንደሩ አዋቂ የሆነችው የእናቱ እህት ፍየል የምትጠራበትን ቃል ሰምቶ፣ በሰባት ዓመቱ ያንኑ ቃል ደገመው። ፍየሎቹ ዙሪያውን ከበው አልለቅ አሉት። አክስቱም ልጁ ተሰጥዖ እንዳለው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ወራሪዎች መንደሩን ሲያጠቁ፣ ጉም አስነሥቶ ጠላትን በማወናበድ ወገኖቹን አዳነ።

ከዚያ በኋላ ኦጊዮን የሚባል ታላቅ ጠቢብ መጥቶ ስም አወጣለት፤ ደቀ መዝሙሩም አደረገው። ኦጊዮን ዝምተኛ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በአስማት ደመናውን መመለስ ሲችል እንደማንኛውም መንገደኛ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ይረጥባል። ልጁ ግን ቸኮለ። ኃይልን ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ፈለገ። ስለዚህ መምህሩን ትቶ ሮክ በተባለች ደሴት ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት ሄደ። እዚያም ከአንድ እኩያው ጋር በእልህ ተወዳድሮ፣ «እኔ ከአንተ እበልጣለሁ» ለማለት ብቻ የሞተ ሰው መንፈስ ጠራ። በተቀደደው ቀዳዳ አንድ ጥቁር ጥላ ወጥቶ ፊቱን ቧጠጠው። ቀዳዳውን የዘጉት የትምህርት ቤቱ አዛውንት አለቃ ሕይወታቸውን ከፈሉበት። የቀረው የመጽሐፉ ክፍል ልጁ መጀመሪያ ከጥላው ሲሸሽ፣ በኋላም ዞሮ ጥላውን ሲያሳድድ የሚያሳይ ነው። መጨረሻው ምን እንደሆነ ለአንባቢ እንተወው።

እንግዲህ ይህ የጥንቆላ ማስተማሪያ ነውን? አንዲት ልጅ ከዚህ መጽሐፍ አንድም መድኃኒት መቀመም፣ አንድም መተት መሥራት አትማርም። የምትማረው፣ ከመናገር በፊት ማድመጥ እንደሚገባ፣ የእልህ ዋጋው ሌላ ሰው ላይ እንደሚያርፍ፣ ከራስ ጥፋት መሸሽ ጥፋቱን እንደሚያሳድግ ነው። ይህን ደግሞ የእኛ ሽማግሌዎች ምድጃ ዳር በተረት ሲያስተምሩን ኖረዋል። በተረታችን ጅብ ይናገራል፣ እባብም ይማከራል፤ ከዚያ የተነሳ ልጅ እባብ ማምለክ ጀመረ ሲባል አልሰማንም።

ከሁሉ ይበልጥ ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ግን የስም ነገር ነው። በምድረ ባሕር እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ በአደባባይ የሚጠራበት ነው፤ ሁለተኛው ለታመነ ሰው ብቻ የሚነገር እውነተኛ ስም ነው። እውነተኛ ስምህን ያወቀ ሰው በአንተ ላይ ኃይል ይኖረዋል። የልጁም እውነተኛ ስም ጌድ ነው። አስማት ማለትም የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። ፈረንጅ አንባቢ ይህን ሲያነብ የደራሲዋን ምናብ ያደንቅ ይሆናል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን ይህ የሴት አያቱ ወግ ነው። ከግዕዝ የወረስነው «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ «ስሞች» ማለት ነው፤ «ስም» ሲበዛ «አስማት» ይሆናል። የጥንቱ ሰው ለዚህ ነገር ስም ሲያወጣለት ያሰበውን፣ ደራሲዋ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ደርሰውበታል።

አንኮበር አካባቢ ተወልደው ያደጉ አንዲት አክስት አሉኝ። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው በዓለም ስማቸው ነው። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት የንስሐ አባታቸውና ጥቂት ዘመዶች ናቸው፤ ለባዳ አይነገርም። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ክፉ ሰው የክርስትና ስምን ከእናት ስም ጋር ካገኘ ሊያስደግምበት ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ነው ይላሉ። ይህ እምነት በደጋው አገር የቆየና የተስፋፋ ነው። ደብተራው በብራና በሚጽፈው ክታብ ላይም የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባበታል። ከእነዚህ ክታቦች ብዙዎቹ የተጻፉት ለሴቶች ነበር። የሕፃናት ገዳይ ናት ስለምትባለው ስለ ውርዝልያና ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ የሚተርከው ጸሎት በነፍሰ ጡሮችና በአራሶች ክታብ ላይ በብዛት የሚገኘውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪምና አዋላጅ ነርስ በማይደረስባቸው ዘመናት እናት ለልጇ ያላት መከላከያ ይህ ነበር። ዛሬ የእርግዝና ክትትልና ክትባት አለ፤ ነፍሰ ጡርም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባታል። የቀድሞዎቹን እናቶች ጭንቀት ግን መናቅ አይገባም።

ወደ ስሙ እንመለስ። ሴት ልጅ ስንት ስም ትሸከማለች? እናት ያወጣችላት የቤት ስም አለ፤ የክርስትና ስም አለ። በገጠሩ ልማድ ደግሞ ሙሽራ ከባሏ ቤተሰብ ስትቀላቀል አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። ከዚያም «የእገሌ እናት» ትባላለች። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ነው የራሷ? ወይዘሮ ኡርሱላ ይህንኑ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት በሁለተኛው የምድረ ባሕር መጽሐፍ አንስተውታል። በዚያ መጽሐፍ ባለታሪኳ ቴናር የምትባል ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ከወላጆቿ ተወስዳ ለአማልክት አገልጋይነት ስትሰጥ ስሟን ይነጥቋታል። መጽሐፉ ስሟን መልሳ የምታገኝበት ታሪክ ነው። ይህን ያነበበች ጎልማሳ ሴት የራሷን ስሞች መቁጠሯ አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። ልጄ መጽሐፉን አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ አስማቱ አልነበረም። «እማዬ፣ ጌድ እኮ እንደኛ ቀይ ዳማ ነው፤ ጓደኛው ደግሞ ጥቁር ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በምድረ ባሕር አብዛኛው ሕዝብ ጠይምና ጥቁር ሲሆን፣ ነጮቹ መንደሩን ያጠቁት ወራሪዎች ናቸው። ደራሲዋ ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት የመጽሐፉ ሽፋኖች ጌድን አንጥተው ይስሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ለቴሌቪዥን በተሠራው ፊልምም ዋናው ገጸ ባሕርይ ነጭ ተደረገ። ደራሲዋም ቅሬታቸውን በአደባባይ ገልጸዋል። ልጆቻችን በሚያነቡት የውጭ መጽሐፍ ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙት ስንት ጊዜ ነው?

መጽሐፉ ግን ጉድለት የለበትም አንልም። በሮክ ትምህርት ቤት የሚማሩት ወንዶች ብቻ ናቸው። የሴቶች አስማት ደካማ ወይም ክፉ ነው የሚል አባባልም በመንደሩ ሰዎች አፍ አለ። ለጌድ የመጀመሪያውን ቃል ያስተማረችው አክስቱ ሆና ሳለች፣ መጽሐፉ ስለ እርሷ የሚናገረው በንቀት ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ላታስተውል ትችላለች፤ ልጅ ያሳደገች ሴት ግን ወዲያው ታየዋለች። የሚያስደስተው ደራሲዋም በኋላ ማየታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ከሆነ በኋላ፣ «ቴሃኑ» የተባለውን አራተኛውን መጽሐፍ አወጡ። በዚህ መጽሐፍ ቴናር ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ያደጉላት፣ በእርሻ የምትተዳደር ጎልማሳ ሴት ናት። በእሳት የተቃጠለችና የተጣለች ትንሽ ልጅ ወስዳ ታሳድጋለች። ታላቁ ጠቢብ ጌድም ኃይሉን ጨርሶ ወደ እርሷ ቤት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት የታሪኮች ስብስብ ደግሞ የሮክን ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ካቋቋሙት መካከል ሴቶች እንደነበሩበት ጻፉ። ደራሲዋ የቀድሞ ሥራቸውን ሳይሰርዙ፣ ያላዩትን ወገን ለማየት ተመልሰው ሄዱበት።

ይህ ጉዳይ ከእኛም አገር የራቀ አይደለም። «ጠቢብ» የሚለው ቃል በሊቃውንት አፍ ምስጋና ነው። ከዚሁ ቃል የመጣው «ጠይብ» ግን በሕዝብ አፍ ስድብ ሆኖ ኖሯል። በአንኮበር አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች «ቡዳ» እየተባሉ ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ምጣዳችንን፣ ጀበናችንን፣ ድስታችንን በእጇ የምትሠራ ሴት፣ ሕፃን በታመመ ቁጥር በዓይን ትጠረጠር ነበር። ወንዱ ቢያውቅ «ሊቅ» ይባላል፤ ሴቲቱ ብታውቅ «ምን አውቃ ነው?» ተብላ ትፈራለች። ከመጽሐፉ አስማት ይልቅ ልጆቻችንን የሚጎዳቸው ይህ ከእኛው አፍ የሚሰሙት ስም ነው። ስም ኃይል አለው የሚለውን እምነት ከምር ከያዝነው፣ በሰው ላይ የምንለጥፈውን ስም መጠንቀቅ ይገባናል።

ለጎረቤቶቼ የሰጠሁትን መልስ አንባቢያን ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል። በሌላ ቀን፣ ቡናው ሲፈላ፣ የጌድን ታሪክ እንደ ተረት አድርጌ ተረኩላቸው። ጥላው ከቀዳዳው የወጣበት ላይ ስደርስ ሁሉም ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። አንደኛዋ የእልህ ነገር መጨረሻው ይህ ነው በማለት በሐሳቡ ተስማሙ። ሌላዋ ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉኝም። ልጅ ተረቱንና እውነቱን ለመለየት ዕድሜ ያስፈልጋታል፤ እናቷ ከሌለች ማን ይለይላታል ሲሉ ተከራከሩኝ። ይህ ክርክር ተገቢ ነው። መልሱም ከመከልከል ይልቅ አብሮ ማንበብ ይመስለኛል። ልጄን ምን እንደሚያስፈራት የጠየቅኋት፣ እኔም ምን እንደሚያስፈራኝ የነገርኳት በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው። የቤት ሥራ ምርመራ ብቻ የነበረው የማታ ንግግራችን ወደ ወግ ተለወጠ።

«እኔ አሁን አርጅቼ የልጅ መጽሐፍ ልጀምር?» የምትል እህት ብትኖር ሁለት ምሳሌ እናስታውሳት። የወይዘሮ ኡርሱላ እናት ወይዘሮ ቴዎዶራ ክሮበር እ.ኤ.አ. በ1897 የተወለዱ ናቸው። መጻፍን ሥራዬ ብለው የያዙት ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ፣ አምሳውን ዓመት አልፈው ነው። ስማቸውን ያስጠራው፣ ከወገኖቹ ብቻውን ስለ ቀረ አንድ ቀይ ሕንዳዊ የሚተርከው መጽሐፋቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1961፣ በስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሁለተኛው ምሳሌ የራሳችን ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላው አገሪቱ ሲጀመር፣ ከፊደል ገበታው ፊት ከተቀመጡት መካከል የልጅ ልጅ ያዩ እናቶች ነበሩ። ያን ዕድሜ ይዘው «ሀ» ብለው ከጀመሩ፣ ፊደሉን በልጅነታችን ያገኘነው እኛ ምን ምክንያት ይኖረናል?

ስለዚህ እህቶች፣ ልጆቻችሁ የሚያነቡትን መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተቀብላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። እንግሊዝኛው ቢከብድ ልጅየው እያነበበ ይተርጉምላችሁ፤ ለእርሱም ትምህርት ነው። ምሽት ላይ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ለዚያ ሃያ ደቂቃ ሳህኑን አባትየው ቢያጥብ ቤቱ አይፈርስም። መጽሐፍ መግዛት ለማይቻልበት ቤት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መዋዋስም አለ። ስለ ጠቢባን የተጻፈ ሁሉ ለልጅ ይስማማል አንልም፤ የሚስማማውን ከማይስማማው የምትለየው ግን ያነበበች እናት ናት። ልጄም አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ ትፈልጋለች፤ የቴናርን፣ ስሟን የተነጠቀችውን ልጅ። ከተገኘ ተራ በተራ እናነበዋለን።